በጉራጊኛ ያልተለቀሰ ሐዘን

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ጋሼ ከተማ ትንሽ ሻንጣ ይዘው፣ ለልጃቸው ለማሙሸትም ለጎረቤትም ሳይናገሩ፣ አውቶቡስ ተራ ቆመው የወልቂጤ መኪና ይጠብቁ ነበር። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጡ ያረጁ፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ሰው እንዳያያቸው ጥግ ጥጉን ይላሉ። መርካቶ ውስጥ ከሚያውቁት ሰው መሸሸግ የሚቻልበትን መንገድ የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

«ጋሼ ከተማ! ወዴት ነው በጠዋቱ?»

ዞር ሲሉ ሰብለ ወንጌል ናት። የጎረቤታቸው የባለሱቁ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ የእሳቸው ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አሁን የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆናለች። አክስቷን መኪና አሳፍራ መመለሷ ነው።

«አገር ቤት ነው የኔ ልጅ፤ ትንሽ አየር ልቀይር ብዬ።»

«ማሙሸት ያውቃል?»

ጋሼ ከተማ ሻንጣቸውን ወደ ጀርባቸው ሸሸጉ። ሰብለም ፊታቸውን አይታ ክንዳቸውን ያዘችና ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አብጃለሁ መሰለኝ ሰብለ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጄን ሳላዋርድ ልሂድለት ብዬ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ፋንታዬ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። ሱቁ የሁለቱም ነበር። እትዬ ፋንታዬ ኩሽኔታውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው የየትኛው መኪና እንደሆነ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ደንበኛ «መጨረሻው ስንት ነው?» ሲል ባልና ሚስት በጉራጊኛ ይመካከራሉ፤ ባል «እንቀንስለት» ይላሉ፣ ሚስት «ትንሽ ይጠብቅ» ይላሉ። ገዢው ራሱ ጉራጌ የሆነ ዕለት ሁሉም ይስቁና ዋጋው በሳቅ ይወርዳል። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! የቆርቆሮው ሙቀት፣ የግራሶው ሽታ፣ የሁለቱ ክርክር፣ ያ ሁሉ ዛሬ ይናፍቃል። ልጃቸው ማሙሸት አዲስ አበባ ተወልዶ አማርኛ ብቻ ስለሚያውቅ ጉራጊኛ በዚያ ቤት የባልና የሚስት ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

«ባለፈው ሐሙስ ደንበኛ መጨረሻውን ጠየቀኝ። እኔም ዞር ብዬ በቋንቋችን ‹ምን እንበለው?› አልኳት። ማሙሸት አየኝ፣ ደንበኛውም አየኝ። ከዚያ ተራው ሁሉ ሰማ። አንዱማ ‹አማኑኤል እንደሆነ ቅርብ ነው› ብሎ ሲስቅ በጆሮዬ ሰማሁት።»

«ይመልሱልዎታል እትዬ ፋንታዬ?»

«የት ትመልሳለች! እሱ አይደል የሚያቃጥለኝ።»

«እንግዲያው ይሄ ናፍቆት ነው ጋሼ። የዕድሜ ልክ ልማድ በአንድ ቀን አይተውም። ድምፅ ቢሰሙ ኖሮ ሐኪም ጋ እወስድዎት ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚታከም እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሐዘንዎን ግን ለሰው ቢያወሩት ይቀልልዎታል።»

«ለነፍስ አባቴ ተናግሬያለሁ። እድሩም አስተዛዝኖኛል። ሽማግሌ ጠፍቶ ነው የቤታችንን ጉድ ለባዳ በቀጠሮ የምንዘረግፈው?»

«ነፍስ አባትዎንም እድሩንም አይተዉ፤ እኔ የእነሱን ቦታ አልወስድም። ግን ለቅሶው ላይ ምን አሉዎት?»

«‹በርታ፣ ወንድ አይደለህ?› አሉኝ።»

«እርስዎስ?»

«በረታሁ። ይኸው በርትቼ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ።»

ሰብለ ሳትወድ ሳቀች። እሳቸውም ትንሽ ፈገግ ብለው ቀጠሉ። «ማሙሸት እኮ ባለፈው ወር አንድ እንዳንቺ ያለ ባለሙያ ጋ ወስዶኝ ነበር። መልካም ልጅ ነው። ባለሙያው ‹ምን ይሰማዎታል?› ሲለኝ ‹ደህና ነኝ፣ ይመስገን› አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አጣሁ። እኔ በአማርኛ መነገድ እንጂ ማልቀስ አልተማርኩም።»

ሰው የሚነግድበትና የሚያለቅስበት ቋንቋ ሊለያይ እንደሚችል ብዙዎቻችን ልብ አንልም። ተምረናል የምንለውም ይህን እንስታለን። ሰብለ ግን ጉራጊኛን ከእናቷ ሰምታ ያደገች ናትና ወዲያው አማርኛውን ተወችው። በጉራጊኛ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ቤት ልጅ፣ «እትዬ ፋንታዬ እንዴት ሞቱ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ከተማ ይህን ታሪክ ለለቀስተኛው ሁሉ በአማርኛ ተናግረውታል። በጉራጊኛ ግን ለማንም ተናግረውት አያውቁም፤ በዚያ ቋንቋ የልባቸውን የሚነግሯት ሟቿ ራሷ ነበረች። «ማታ ራሴን አሞኛል አለችኝ» ብለው ጀመሩ። «ጠዋት ስቀሰቅሳት…» አሉና ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ ተሸካሚውና ደላላው እያየ፣ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሰብለ «በቃ» አላለቻቸውም፣ «ይበርቱ»ም አላለቻቸውም። አጠገባቸው ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። የሽማግሌ ዕንባ አንጀት ይበላል፤ የዚያን ቀኑ ግን ደስም ያሰኝ ነበር።

ፊታቸውን ጠርገው «ይኸ ነው እንዴ ሥራሽ?» አሉ።

«ይሄ መጀመሪያው ነው። ቢሮዬ ሲመጡ በወደዱት ቋንቋ ያወራሉ፤ የነገሩኝም ከእኔ አያልፍም። እያደር እንቅልፍዎ ይስተካከላል፣ ሱቅዎ መቀመጥ አያስፈራዎትም፣ ከልጅዎም አይሸሹም። እትዬ ፋንታዬን ይርሷቸው አልልዎትም፤ ሳያፍሩ እንዲያስታውሷቸው ነው።»

ጋሼ ከተማ ባርኔጣቸውን ከቅንድባቸው ከፍ አድርገው ደፉ። «እኔ ይሄ ነገር ሰውን ከአገሩና ከወጉ የሚያወጣ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ግን ወደ ቤቴ መለስሽኝ። ማክሰኞ ይመችሻል?»

«ይመቸኛል።»

የወልቂጤው መኪና ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ጋሼ ከተማ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«አባዬ! የት ነህ? እየፈለግንህ እኮ ነው!»

«አውቶቡስ ተራ ነኝ። ስማኝ ልጄ፤ አላበድኩም። እናትህ ናፍቃኝ ነው።»

 

«እኔንም ናፍቃኛለች አባዬ» አለ ልጃቸው፣ እያለቀሰ።