መጋዙ ሲጠፋ

ከአያት ወደ መገናኛ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንድ አዛውንት የሞተር መጋዝ ታቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው ወጣት አላስቻለውም።

«አባባ፣ ረዳቱን ሊያስፈራሩበት ነው?»

«ልሸጠው ነበር፣ ልጄ። ልጆች በዚህ ስልኬ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አውጥተውልኝ ገዢ ተገኘ። አስነሳና አሳየኝ አለ።»

«መጋዙ እምቢ አለ?»

«ገመዱን አንዴ ብስበው ተነሳ።»

«ታዲያ ምነው ይዘውት ተመለሱ?»

«እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ስቆርጥ ባለቤቴ ከቤት ሆና ድምፁን ትሰማ ነበር። ሲጠፋ ምሳዬን ይዛ ትመጣለች።»

«ዛሬስ?»

«ሳጠፋው ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ።»

«እሳቸው...»

«ካረፈች ክረምት አለፈ።»

«ነፍስ ይማር፣ አባባ። ማስታወቂያውን ላጥፋልዎት?»

«አጥፋልኝ።»

ጉርድ ሾላ ስንደርስ ስልኬ ጠራና ባለቤቴ «የት ደረስሽ?» ሲለኝ በልቤ ተመስገን አልኩ።