የአባት ፈቃድ

አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ጎሚስታ ቤት፣ ሚያዝያ ውስጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፤ ጥላዬ የከባድ መኪና ጎማ አጋድሞ ይፈታል፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከእሱ ጋር የተፋታችው ትርሲት ወረቀት የታጨቀ ማኅደር አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

ጥላዬ፦ አልፈርምም አልኩሽ! በአማርኛ ነው የነገርኩሽ። ለአራተኛ ጊዜ ስትመጪ መልሱ የሚለወጥ መሰለሽ?

ትርሲት፦ አራት ጊዜ የተመላለስኩት አንተን ናፍቄ አይደለም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ፣ ኤምባሲው በር መገኘት አለብን። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቷል። የጎደለው «ልጄ ከእናቷ ጋር ከአገር እንድትወጣ ፈቅጃለሁ» የሚለው ያንተ ቃል ብቻ ነው።

ጥላዬ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቀጠሮውን አስለውጪዋ።

ትርሲት፦ ሌላ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጠየቅኩ፤ ለመንኩ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ «እኅቴ» አልኳት፣ «እናቴ» አልኳት፣ ልጄ የምትሆነውን ልጅ!

ጥላዬ፦ ሦስት ዓመት የታገሠ የልጅቷ ልብ ሦስት ወር አይታገሥም?

ትርሲት፦ ልብ ቀጠሮ አያውቅም፣ ጥላዬ።

ጥላዬ፦ እስቲ ያንን ብረት አቀብይኝ። እሱን አይደለም፣ ረጅሙን። ባለመኪናው ዛሬውኑ ድሬዳዋ መነሳት አለብኝ ብሎ ነፍሴን አውጥቶታል።

ትርሲት፦ እንካ። ጎማው ቢዘገይ ባለመኪናው ይጮህብሃል። ልጅህ ሐመልማል ብትዘገይ ማን ይጮህብሃል?

ጥላዬ፦ ምላስሽ ዛሬም አልዶለዶመም።

ትርሲት፦ ሌላ ምን ቀረኝ?

ጥላዬ፦ ስሚኝ፤ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ለሕክምና ዓመት ሙሉ ጣልያን አገር የሚቀመጥ ማን ነው?

ትርሲት፦ ቀዶ ጥገናው ሁለት ነው። አንዱ እንደደረሰች፣ ሁለተኛው ከስድስት ወር በኋላ፣ ከዚያ ክትትል። ዓመት ያሉት እዚህ መጥተው ያዩዋት ሐኪሞች ናቸው። ከኔ ሆድ አላወጣሁትም።

ጥላዬ፦ ወንድሜም «ለስድስት ወር ነው» ብሎ ነው ደቡብ አፍሪካ የሄደው። ይኸው አስራ አንደኛ ዓመቱን ያዘ። እባብ ያየ በልጥ በረየ!

ትርሲት፦ ወንድምህ የታመመ ልጅ አዝሎ ነው የሄደው?

ጥላዬ፦ ቁም ሳጥንሽን ሸጠሻል። ፍሪጁንም ሸጠሻል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ ከጸጉር ቤት ወሬ የምሰማው። የሚመለስ ሰው ቤቱን ባዶ ያደርጋል?

ትርሲት፦ ለኢንሹራንሱ ነው የሸጥኩት! ቀዶ ጥገናውን ሆስፒታሉ በነፃ ይሠራላታል። ኤምባሲው ግን የዓመት የጤና ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው ፋይል እንኳ አይከፍትም፤ ለእሷም ለእኔም። ፍሪጁን አጣሁት ብዬ አላለቀስኩም፤ ከውሃ በቀር የማስቀምጥበት አልነበረኝም።

ጥላዬ፦ ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?

ትርሲት፦ ብነግርህ «አትሄዱም»፣ ባልነግርህ «ደበቅሽኝ»። ካንተ ጋር አስር ዓመት ኖሬ ሌላ የተማርኩት የለም።

ጥላዬ፦ አምጪው እስቲ፣ ይሄን ፍሪጅ የበላ ኢንሹራንስ ልየው።

ትርሲት፦ ይኸው፤ እኔ ልያዝልህ፣ አንተ አንብብ። የአማርኛው ትርጉም ከኋላ ነው።

ጥላዬ፦ «ድንገተኛ ሕመም... የሆስፒታል አልጋ... አምቡላንስ...» ደግ። «የጥርስ ሕመም፣ አስቸኳይ ከሆነ...» የጥርስ ሕመም አስቸኳይ ያልሆነው መቼ ነው? ...ቆይ። ይሄ ምንድን ነው?

ትርሲት፦ የቱ?

ጥላዬ፦ ተራ ቁጥር ስድስት።

ትርሲት፦ እሱ የሁሉም ሰው ወረቀት ላይ አለ። ለሽርሽር የሚሄድ ጤነኛ ሰውም እሱኑ ነው የሚፈርመው።

ጥላዬ፦ አንብቢልኝ።

ትርሲት፦ አይተኸዋል እኮ።

ጥላዬ፦ አንብቢው አልኩ!

ትርሲት፦ «ዋስትና የተገባላት ሰው ሕይወቷ ቢያልፍ... አስከሬኗን ወደ አገሯ የመመለስ ወጪ።»

ጥላዬ፦ ገና ሳትሳፈር የምትመለስበትን ሣጥን ገዛሽላት?

ትርሲት፦ እንዲህ አትበል! ተው፣ እንዲህ አትበል። ያንን ገጽ ስፈርም የኢንሹራንሷ ሴትዮ ውሃ አምጥታ ፊቴን አብሳኛለች። ግን ፈረምኩ። እሱን ቆርጦ ሌላውን ብቻ የሚሸጥልኝ ከየት ላምጣ?

ጥላዬ፦ ይዘሽልኝ ሂጂ። እኔ እዚህ ነገር ላይ ስሜን አላስቀምጥም። ባለመኪናውም መጣ መሰለኝ።

ትርሲት፦ አልመጣም፤ መንገዱ ባዶ ነው። እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን ለቪዛው የተነሳችውን ፎቶ እይና ልሂድ።

ጥላዬ፦ የልጄን ፊት አላውቀውም? እሑድ እሑድ አያት የለ እንዴ?

ትርሲት፦ እሑድ እሑድ የኔን ሊፕስቲክ ተቀብታ ነው የምትመጣልህ።

ጥላዬ፦ አዎ፣ እሱንማ ተቆጥቻታለሁ። ባለፈው እሑድ «በዚህ ዕድሜሽ ምን የሚሉት ነው» ብዬ በመሐረብ ልጠርግላት ስል ሸሸችኝ። እናትሽ ናት ያበላሸችሽ አልኳት፣ እውነቱን ለመናገር።

ትርሲት፦ አንተ እንዳታይ ነበር የተቀባችው።

ጥላዬ፦ ምኑን?

ትርሲት፦ እይ። ፎቶ አንሺው ገና ሲያያት «ከንፈሯን በኮምፒውተር ቀላ ላድርገው ወይ?» አለኝ። ኤምባሲው የተነካካ ፎቶ አይቀበልም፣ እንዳለች ተዋት አልኩት። እንዳለች ይህች ናት።

ጥላዬ፦ ...ብርድ ነበር ያን ቀን?

ትርሲት፦ ብርድ አልነበረም።

ጥላዬ፦ መብራቱ ይሆናል። እነዚህ ፎቶ ቤቶች መብራታቸው...

ትርሲት፦ መብራቱ አይደለም፣ ጥላዬ።

ጥላዬ፦ ሰማያዊ ነው እኮ። ትርሲት፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ነው።

ትርሲት፦ ከጥምቀት ወዲህ እንደዚህ ነው። ትምህርት ቤት ደረጃ መውጣት ካቆመች ወር አልፏታል። መምህሯ ናት አዝላ የምታወጣት።

ጥላዬ፦ ሐኪሙስ? አንቺ እኮ «ቀዶ ጥገናውን ዓመት መጠበቅ ትችላለች፣ አያሰጋም ብሏል» ነው ያልሽኝ።

ትርሲት፦ ዋሽቼህ ነው።

ጥላዬ፦ ምን?

ትርሲት፦ እሷ ናት ያስዋሸችኝ። «አባባ ካወቀ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ደግሞ ስልክ ይዘጋል፣ ከዚያ እሑድም ይቀራል» አለችኝ። ሐኪሙ ለቪዛው የጻፈው ደብዳቤ ይኸው። «የልቧ በር ከዚህ በላይ አይሸከምም፤ ከሰኔ በፊት መሠራት አለበት» ይላል። ዛሬ ሚያዝያ አስራ ስድስት ነው። አንተ የምትለው ሦስት ወር የለንም። ስደበኝም ግድ የለም።

ጥላዬ፦ ዳማከሴውን ያሸሁላት እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ የቱን ዳማከሴ?

ጥላዬ፦ የመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮዬን ስትል፣ ትኩሳት የያዛት ጊዜ። አንቺ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አልሽ። እኔ «ለጉንፋን ጤና ጣቢያ የሚሄድ የለም» ብዬ ዳማከሴ አሽቼ አፍንጫዋ ላይ ያዝኩላት። በኋላ ሐኪሙ የልቧ ሕመም ከዚያ ጉሮሮ ነው የጀመረው ሲል እኔ ውጭ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ግን ሰምቼዋለሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ትርሲት፦ ይሄን ሁሉ ጊዜ እሱን ተሸክመህ ነው?

ጥላዬ፦ ሌላ ምን እሸከማለሁ?

ትርሲት፦ ቅጠሉን ከጎረቤት አጥር ላይ የቀጠፍኩት እኔ ነኝ። እናቷ አይደለሁም? ብትወድም ባትወድም ጥዬህ ጤና ጣቢያ ይዣት መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ለሁለታችንም ጉንፋን ነበር የመሰለን።

ጥላዬ፦ ትርሲት፣ እኔ ትቀሪያለሽ ብዬ አይደለም የፈራሁት።

ትርሲት፦ ይሄው አሁን ፍሪጅ ስትቆጥርብኝ አልነበረም?

ጥላዬ፦ ትቀሪያለሽ የምለው የሚቀለኝ ፍርሃት እሱ ስለሆነ ነው። ብትቀሩ እኮ ምን አለ? የሚቀረው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ስልክ ይደውላል፣ ፎቶ ይልካል፣ ያድጋል። እኔ የፈራሁት ያንን ተራ ቁጥር ስድስት ነው። ዛሬ አነበብኩት እንጂ ድሮም ውስጤ ተጽፎ ነበር። ያልፈረምኩበት ነገር አይደርስም እያልኩ... ወረቀቱ እስካልሄደ እሷም አትሄድም፣ ቢላዋውም አይነካትም። እሑድም ትመጣለች። እንዲህ ስል ነው የከረምኩት። ሰው ያብዳል እኮ፣ ትርሲት። ሥራ እየሠራ፣ ጎማ እየጠገነ ያብዳል።

ትርሲት፦ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ፎርም እየሞላሁ ነው ያበድኩት።

ጥላዬ፦ ብፈርምና ብትሞትስ? «ፈቅጃለሁ» ብዬ በገዛ እጄ?

ትርሲት፦ ሳትፈርም ብትሞትስ? ይቅርታ። ክፉ ነገር ተናገርኩ። ግን ጊዜ የለኝም፤ ለስላሳ ቃል የምመርጥበት ጊዜ የለኝም። አንድ ያላሳየሁህ ወረቀት አለ። የሆስፒታሉ ነው። «በቀዶ ጥገናው መሃል አስቸኳይ ውሳኔ ቢያስፈልግ ከወላጆች ማን ይጠየቅ?» ይላል። አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበሉት።

ጥላዬ፦ ያንቺ ነዋ። በሩ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ ያንተን ነው የጻፍኩት። ከነስልክ ቁጥርህ።

ጥላዬ፦ እኔን? እዚህ ጎማ ሥር ተቀምጬ?

ትርሲት፦ እኔ እዚያ በር ላይ ስቆም ማሰብ አልችልም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ኢንሹራንስ ስፈርም ውሃ ያስፈለገኝ ሰው ነኝ። አንተ ታኮርፋለህ፣ ትጮሃለህ፣ እንደ ዛሬው ደግሞ ታደርቀኛለህ። ለእሷ ክፉ መርጠህ ግን አታውቅም። ሲደውሉልህ ታነሳለህ። አስተርጓሚ አላቸው፣ ጠይቄያለሁ።

ጥላዬ፦ አንቺ ሴትዮ... ይሄን መቼ ነው የጻፍሽው?

ትርሲት፦ ከሁለት ሳምንት በፊት። መጀመሪያ «ከአገር አትወጣም» ብለህ ያባረርከኝ ዕለት። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉን ካየኸው ያስታውቃል። ልጅህን ልነጥቅህ ብፈልግ፣ የነፍሷን ነገር ላንተ እሰጥ ነበር?

ጥላዬ፦ ዳሩ... ባለመኪናው...

ትርሲት፦ ጥላዬ፣ ውልና ማስረጃ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እዚያ ሄደህ ሹሙ ፊት ካልፈረምክ የኤምባሲው ሰዎች አይቀበሉትም። ሰልፍ አለ። እኔ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ተንበርከኪ ካልከኝ እዚሁ ዘይቱ ላይ እንበረከካለሁ።

ጥላዬ፦ ተነሺ። ተነሺ እንጂ፣ ቀሚስሽ ተበላሸ! መታወቂያዬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሚስማሩ ላይ ከተሰቀለው።

ትርሲት፦ ባለመኪናውስ?

ጥላዬ፦ ድሬዳዋ ነገም አለች። ከበርሜሉ ውሃ ቅጂና አስታጥቢኝ፤ በዚህ እጅ የልጄን ስም አልነካውም።