ቀስ ብሎ የማይሄደው መኪና

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ እናንተም የጋራዥ ሰዎች፤ ስለ መጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ገፋችሁም እግዜር ይስጥልኝ። እጃችሁ ቢቆሽሽ አትፈሩ፤ የኔም ቆሽሿል። ላባችሁ እስኪደርቅ ትንሽ ላውራ። የኔም ትንፋሽ ገና አልተመለሰም። ደክሞኛል።

ከየቤታችሁ ስትወጡ መኪና እንገፋለን ብላችሁ አልነበረም። ወንድማችን በራሱ መኪና ይሂድ ያልነው እኛው ነን። አይታችኋል፤ ፒክአፑ ሳጥኑን ጭኖ ከግቢ ወጣ፣ እኛ በእግር ተከተልን። ሹፌሩ በሰው እርምጃ ልሂድ ሲል ሞተሩ ጠፋበት። አስነሣው። ጠፋ። ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ዘሎ ሟቹን ነጥቆን ሊሄድ ነው። ምን ይደረግ? ገፋን። እስከዚህ ዳገት ድረስ ገፋን። ከኋላ አንድ ሰው «ይኼ ደሞ ምን ዓይነት መኪና ነው?» ሲል ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያደረገው ራሱ ሟቹ ነው።

ጋራዥ ውስጥ «ሳንባው» ነበር የምንለው። ለምን? ሰው ሁሉ ስለ ነዳጅ ሲያወራ እሱ ስለ አየር ያወራል። «ሞተር መጀመሪያ ሳንባ ነው፤ ሆዱ ከዚያ በኋላ ነው» ይላል። አየር ወደ ሞተር የሚገባባቸው ቧንቧዎች አሉ፤ ማኒፎልድ እንላቸዋለን። ፋብሪካ የሠራውን ማኒፎልድ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ይሞርዳል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ይኼ ሽበቴ የዕድሜ አይምሰላችሁ። አብሬው ስሠራ ያፈራሁት ነው።

ልጄ፣ አንቺ የሳንባው ልጅ፣ አታስታውሺውም። ጡጦሽን ከቤት ሰርቆ ጋራዥ ያመጣ ቀን እዚያው ነበርኩ። ለፒክአፑ አዲስ ማኒፎልድ በእጁ ሠርቶለት ነበር፤ አጫጭርና ሰፋፊ ቧንቧዎች። አራቱን አንድ በአንድ ከታች እየደፈነ በጡጦ ውኃ ይሞላል፤ ጡጦው ላይ ያለውን መስመር ያነባል። አንዱ ትንሽ ጎደለ። «አራት ወንድማማች እኩል ካልጠጣ ይጣላል» አለና እንደገና ሞረደው። እናትሽ መጣች። ጡጦውን አየች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች። «እሱስ ለይቶለታል፤ አንተን ምን ነካህ?» አለችኝ። አንቺ እቤት ታለቅሻለሽ።

ገጥመነው ዳገት ወጣን። ያ ዳገት ላይ ሲያቃስት የኖረ መኪና ዳገቱን ሜዳ አደረገው። «ሰማኸው? ሲተነፍስ ሰማኸው?» ይለኛል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ስንመለስ ሰፈር ውስጥ፣ ሰው በሚበዛበት፣ ቀስ ሲል ጠፋ። አስነሣነው። ጠፋ። ሰፊ ቧንቧ ለሩጫ ነው፤ ቀስ ሲሉበት አየሩ ይተኛል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ይኼንኑ ነገርኩት። «ታዲያ ቀስ ማለት ምን ያደርጋል?» አለኝ።

እህቴ፣ አንቺ ባለቤቱ፣ ስንት ዓመት ለመንሽው? ገበያ ደጃፍ ላይ ስንቴ ገትሮሽ ቀረ? «የድሮውን መልስልኝ» ትይዋለሽ። «ነገ» ይልሻል። የድሮው ማኒፎልድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋችሁ ስር ተቀመጠ። ስትጠርጊ መጥረጊያሽ ይነካዋል፤ እሱ «እንዳይሰነጠቅ» ብሎ ይቆጣል። አንቺ ደግሞ በሩን ሲወጣ «ቀስ በል» ትይዋለሽ። ሁሌ «ቀስ በል»። ሰምቷል? አልሰማም።

ከዚያ ታመመ። ልጠይቀው ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ሞተር ያወራል ብዬ ስጠብቅ «የድሮውን መልሰህ ግጠምላት» አለኝ። «ከእንግዲህ የምትነዳው እሷ ናት። ቀስ ብሎ የሚሄድ አድርግላት።» ይኼ ሰው በሕይወቱ የሠራውን አፍርሶ አያውቅም። እንደማይነሣ ያኔ አወቅሁ። እናንተስ ብትሆኑ አታውቁም ነበር?

ጎንበስ ብዬ የድሮውን ብረት ከአልጋው ስር ሳወጣ እሷ በሩ ላይ ቆማለች። ያን ሁሉ ዓመት የለመነችው ሴት ከእጄ ነጠቀችኝ። «አይገጠምም» አለች። «ይነሣና ራሱ ይገጥመዋል።» እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ተንበርክካ ብረቱን ወደ ቦታው መለሰችው።

እንግዲህ አንተ ከኋላ ሆነህ የጠየቅኸው ሰው፣ መልስህ ይኸው። ዛሬ መኪና የገፋነው አንዲት ሴት ባሌ ይነሣል ብላ ስለጠበቀች ነው። የደከምነው ለዚህ ነው።

ቅድም፣ ሳጥኑ ሲወርድ፣ እጄን ያዘችኝ። «ነገ ናና የድሮውን ግጠምልኝ» አለች። እሺ አልኳት። «የሱን ግን እንዳትወስደው። በጨርቅ ጠቅልለህ ከአልጋዬ ስር አስገባልኝ።»

ሳንባው፣ ሰምተሃል። ነገ ሥራህን እፈታዋለሁ። ቅር እንዳይልህ፤ ያዘዝከኝ አንተው ነህ። ደክሞኛል ወንድሜ፤ ካንተ ጋር መጨቃጨቅ ግን ገና አልጠገብኩም ነበር። ዕድሜህን ሙሉ ስትሮጥ ኖረህ፣ ዛሬ በሰው እጅ፣ በሰው እርምጃ መጣህ። አፈሩ ይቅለልህ። ሚስትህ በር ላይ ስትልህ የኖረችውን ዛሬ እኔ ልበልህ፤ አሁን እንኳ ስማት።

ቀስ በል።