ብርቱካናማዋ ክር

ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም ከኋላ ቆሞ ኬኩን በዓይኑ የሚቆርሰው፣ ጡረታው የተቃረበው ሄኒ፤

ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አለቃችን ሮዝማሪን፣ አርብ ከሰዓት ሥራ አስቁመሽ ወንበሩን ክብ ስላስደረደርሽ በተለይ አመሰግናለሁ። ለኬኩ ግን ማንም እንዳያመሰግናት። የገዛሁት እኔ ነኝ። እዚህ አገር የሚሄደው ሰው ነው ደጋሹ፤ "እንኳን ተገላገላችሁኝ" ብሎ ማብላት ማለት ነው።

ስመጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤቱን ጥዬው ነው፣ ወይ እሱ ጥሎኝ፣ እንደሚያወራው ሰው ነው። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ተናድጄ ቦርሳዬ በመስኮት ወጣ፣ እኔ በበሩ።

የመጀመሪያ ቀን ሮዝማሪን ምን እንደምችል ጠየቀችኝ። "መጨቃጨቅ" አልኳት።

"እሱስ ሞልቶናል። መጫንስ?" አለችኝ።

በጣት ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የመርጫ ጭንቅላት ተጫኝ ሆንኩ። ይረጭ እንደሆነ ለማየት ቀኑን ሙሉ ፒስ፣ ፒስ፣ ፒስ። የቀኝ አውራ ጣቴ ከግራው ወፍሯል፤ የማያምን መጥቶ ይለካ።

እናቴ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። ስምንት ወር ሙሉ ምን እንደምሠራ አልገባትም፣ ለጎረቤት "ሽቶ ቤት ነች" እያለች ነው። እማዬ፣ ስሚኝ። ሁለት ስስ ፕላስቲክ አለ። አንዱ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች ይቀረጻሉ፣ ሌላው ይከደንበታል። ውሃው በቦዮቹ ተገፍቶ ሲወጣ ጫፉ ላይ ይላተምና ጉም ይሆናል። አፋቸው ለሚደርቅባቸው ሕሙማን ነው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ። ትልቁ ነገር ግን ርካሽ መሆኑ ነው። እዚህ ቤት "ርካሽ" የሚለውን ቃል እንደ ጸሎት ነው የሚሉት።

ከዚያ ጸሎቱ ተበላሸ። ከንጉሡ ልደት በዓል በኋላ ቦዮቹ መደፈን ጀመሩ። ከአሥሩ አራቱ ጉም ቀርቶ ጠብታም አይተፉም። ዶክተር ቪቤ፣ ማለትም ቦዮቹን የነደፈው አባታቸው፣ ያኔ ነው ጸጉሩ የሳሳው። ውሃው ነው አለ፤ ውሃው ተቀየረ። ቦዩ ጠቧል አለ፤ ሰፋ። ሲሰፋ ደግሞ ጉሙ ቀርቶ እንደ ሕፃን ልጋግ ይዝረበረብ ጀመር። ፕላስቲኩ ነው ብሎ ለፋብሪካው ሦስት ገጽ ጻፈ፣ ፋብሪካው አራት ገጽ መለሰለት። እንዲህ ስንል አራት ወር ሄደ።

አንድ ቀን ሰልችቶኝ አንዱን የተደፈነ በማጉያ መነጽሩ ስር አስገባሁት። ቦዩ ውስጥ አንዲት ክር ተጋድማለች። ብርቱካናማ።

የንጉሡ ቤት ቀለም ነው ብላችሁ፣ ለልደቱ ሁላችሁም ብርቱካናማ ለብሳችሁ፣ ብርቱካናማ ኬክ በልታችሁ፣ በብርቱካናማ ሶፍት አፋችሁን ጠርጋችሁ አልነበር? ሁለት ካርቶን ሶፍት ተረፈ። ከዚህ ቤት የተረፈ ነገር ሲጣል ያየ አለ? ፕላስቲኮቹን ከመክደናችን በፊት በሱ ስንጠርግ ነበር የከረምነው። ሶፍቱ ቆመ፣ መደፈኑም ቆመ። ሄኒ አቅፎ አነሳኝ፣ ወገቡን አሞት ሁለት ቀን ቀረ።

ከዚያ ሥራችንን ሊያዩ ከሆስፒታል እንግዶች መጡ። ቪቤ "ክሯን አስተዋልን" ሲል ሰማሁት። ታውቁኛላችሁ።

"ዶክተር፣ 'አስተዋልን' ማነው? ስም የለውም?" አልኩት፣ በእንግዶቹ ፊት።

በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ዳቦና አይቡን እንደያዘ ብድግ አለ። "ያገኘቻት ዮሪንዴ ናት። እኔ አራት ወር ሌላ ቦታ ስፈልግ ነበር" አለና ቁጭ ብሎ ዳቦውን ቀጠለ። ሁለት ቀን ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን ቪቤን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ጀመር።

አሁን የምለቃችሁ መሣሪያ ሠሪዎች ትምህርት ቤት ለመግባት ነው። ሰርተፍኬት ስለሌለኝ አብሮኝ የሠራ ሰው ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህቺ ልጅ ትታመናለች ወይ? ሰኞ መድረስ አለበት። ቪቤ ጽፎታል፣ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ከኬኩ በኋላ ሊሰጠኝ።

ስለዚህ ከኬኩ በፊት ልናገር።

ያን ሶፍት ከኩሽና ወደ ሥራ ክፍል ያስገባው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ክር የማይተወውን ጨርቅ ሮዝማሪን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት፣ አንድ በወሰድን ቁጥር ታስፈርመን ነበር። በበዓሉ ማግስት ሦስቴ ፈረምኩ። በአራተኛው ደሜ ፈላና ካርቶኑን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሄኒ አይቶ "ጎበዝ፣ ቆጣቢ" አለኝ። በሳምንቱ ሁላችሁም በሶፍት ትጠርጉ ነበር።

ክሯን ሳያት ምርምር አላደረግኩም። ወዲያው አወቅኳት፣ የገዛ እጄ ሥራ ናት። ከዚያም ስላገኘኋት ኬክ ቆርሳችሁልኝ በላሁ። ሁለት ቁራሽ።

ቪቤ፣ ስም ጥራ ብዬ ጮህኩብህ፣ አንተም ጠራህ። እኔ የራሴን ለመጥራት ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ደብዳቤውን የጻፍከው ይህን ሳትሰማ ነው። ብትቀደው አልጮህም። እሺ፣ ትንሽ እጮህ ይሆናል፣ ግን ውጪ ወጥቼ።

ምን አልክ? እስክሪብቶ?

እማዬ፣ እስክሪብቶ ስጪው። አይ፣ አትሳቁ፣ ደብዳቤው ላይ ምን ሊጨምርበት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እሱ እስኪጽፍ እኔ ልመርቅ። ሄኒ፣ ወገብህ ይጽና፣ ጡረታህም እንደ ኬኩ ይጣፍጥህ። ሮዝማሪን፣ መሳቢያሽ ይከፈት። ቪቤ፣ ጸጉርህ ይመለስ። ለሁላችሁም ቦያችሁ አይደፈን፣ ጉማችሁ ይብነን፣ አፉ የደረቀበት ሁሉ በእናንተ ይርጠብ።

በሉ፣ ኬኩ ይቆረስ። እጃችሁን የምትጠርጉበት ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ክር የማይተወው ነው። ፈርሜ ነው ያወጣሁት።