አቶ ዋሴ ማሩ፣ የሽንፋ ወንዝ ዓሣ አጥማጅ

ከደምቢያ ድረስ በጭነት መኪና ተሳፍራችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ እናንተም የሽንፋ ጎረቤቶች፣ አቶ ዋሴ አፈር ከመልበሳቸው በፊት እንዴት እንደኖሩ ትሰሙ ዘንድ ይህ ተጽፏል፤ ያማረውም ያላማረውም አለበት፤ እሳቸውም ቢሆኑ የተቀባባ ነገር አይወዱም ነበር።

አቶ ዋሴ ከአባታቸው ከአቶ ማሩ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አየሁሽ በ1924 ዓ.ም ደምቢያ ውስጥ፣ ጣና ዳር ተወለዱ። ለድቁና ይበቃሉ ተብለው ከየኔታ ዘንድ ገብተው ነበር፤ ነገር ግን ዳዊቱን ሳይጨርሱ ሐይቁ ዳር ተንበርክከው ውኃ ሲያዩ እየተገኙ ስላስቸገሩ፣ አባታቸው ተስፋ ቆርጠው መረብ መጣል ለሚያውቁት አጎታቸው ሰጧቸው። በ1949 ዓ.ም ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ ወርደው ሽንፋን ባዩ ጊዜ ማጭዱን ጥለው በዚያው ቀሩ፤ ዓሣ እያጠመዱ፣ እየሰነጠቁ፣ ጨው ነስንሰው እያደረቁ ከሱዳን ጠረፍ ከገላባት ለሚመጣው ነጋዴ ለኸሊፋ ይሸጡ ጀመር።

ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ፣ የሙሽራዋ ዘመዶች ዓሣ ዓሣ የሚሸት አማች አገኘን ብለው አጉረምርመዋል፤ ያጉረመረሙት ዛሬ እዚሁ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሀብትነሽና ፈረደ የሚባሉ ሁለት ልጆች ወለዱ።

በበጋ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን፣ አቶ ዋሴ ቋጥኙ ላይ በደረታቸው ተኝተው ጣት የማያህሉትን ትንንሽ ዓሦች ሲያዩ ይውሉ ነበር፤ ወይዘሮ መነን ምሳ ይዘው ቢመጡ እንኳ ዞር አይሉም። ያዩትን ደግሞ ለሰማውም ላልሰማውም ይናገራሉ። አለቃ የላቸውም፣ ግን አንዱ ሲታጠፍ ሁሉም ይታጠፋል፤ እኩያ ከእኩያው ጋር ነው የሚሄድ፤ ከሌላ ኩሬ ተቀድቶ የመጣውን መጀመሪያ ይሸሹታል፣ ውሎ ሲያድር ያስጠጉታል፤ አንዱ ሲቆስል ሌሎቹ ገና ሳያዩት ውኃው ይነግራቸውና ይጠጋጋሉ። አሞራ ሲወርድባቸውም እጅብ ብለው ሲገለባበጡ ሆዳቸው ብልጭ ብልጭ እያለ ዓይኑን ያምታቱበታል፤ የሚለቅመው ተነጥሎ የወጣውን ነው፤ ይሉ ነበር። ሰው በዚህ ይስቅባቸው ነበር፤ እስከ 1977 ዓ.ም ድረስ።

በዚያ ዓመት የብሔራዊ ውትድርናው ኮታ ለገበሬ ማኅበሩ ሲደርስ፣ ሚሊሺያዎች ጎረምሶቹን አንዱን ከወፍጮ ቤት፣ አንዱን ከገበያ መንገድ እየለቀሙ መውሰድ ጀመሩ፤ ሊቀመንበሩ እዚህ አሉ፣ ታዘው እንደነበር እሳቸውም አይክዱም። ፈረደ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አቶ ዋሴ እሱንና የመንደሩን ጎረምሶች፣ አሥራ ሁለት ሆነው፣ ሰብስበው፣ "ተነጥላችሁ አትሂዱ። እርሻም ገበያም አብራችሁ ሁኑ፤ የሚበላው የተነጠለው ነው" ብለው መከሯቸው።

ሦስት ሳምንት ሠራ። ሁለት ሚሊሺያዎች መንገድ ላይ አግኝተዋቸው፣ አሥራ ሁለት መሆናቸውን ሲያዩ ዳር ይዘው አሳለፏቸው፤ እናቶች አቶ ዋሴን መረቁ፤ ኸሊፋ ሳይቀር ይህ ሰውዬ ሊቅ ነው አለ። በአራተኛው ቅዳሜ፣ ልጆቹ ከማሽላ አጨዳ ሲመለሱ፣ ከወንዙ መሻገሪያ ወዲያም ወዲህም ወታደሮች ቆመው ጠበቋቸው፤ አሥራ አንዱንም ባንድ መኪና ጭነው ወሰዷቸው። የተረፈው የየሻረግ ልጅ ይርዳው ብቻ ነው፤ እሱም የጫማው ጠፍር ተበጥሶበት ሊያስር ወደ ኋላ ቀርቶ ነው።

አቶ ዋሴ ወሬውን ሲሰሙ ከታችኛው ኩሬ መረብ እየጎተቱ ነበር። ሁለት ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ወይዘሮ አሰበች እዚያው ድረስ ወርደው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጋሼ ዋሴ፣ አሞራውን ሲያስቡ መረቡን እንዴት ረሱት? በእጅዎ ይዘውት?" አሏቸው። አቶ ዋሴ መረቡን ከነዓሣው ውኃው ውስጥ ለቀቁት። ከዚያች ቀን ወዲህ መረብ አልጣሉም፤ በመንጠቆ አንድ አንድ እያሉ ሲያወጡ ኸሊፋ ይህ ንግድ አይሆንም ብሎ ተዋቸው። ወይዘሮ መነንም ምግባቸውን ያቀርቡላቸው ነበር፤ አብረዋቸው ግን አይቆርሱም። ሁላችንም እናውቃለን።

ከአሥራ አንዱ የሦስቱ መርዶ መጣ፤ አንዱ የወይዘሮ አሰበች ትልቁ ልጅ ነው። ከፈረደ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። አቶ ዋሴ ሁለት ጊዜ ጎንደር ወጥተው ቢጠይቁ፣ ስሙ ከሞቱትም ካሉትም ዘንድ አልተገኘም ተብለው ተመለሱ፤ ተዝካሩን አውጡለት ያሏቸውንም ዘመዶች ከቤት አስወጡ።

አምና ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ያዛቸው፤ ሆዳቸው ተነፍቶ እጅ እግራቸው መነመነ፤ መርፌውን ቢጀምሩም ዘግይቶ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ወይዘሮ መነንን ጠርተው፣ "የሰበሰብኋቸው እኔ ነኝ" አሏቸው። ወይዘሮ መነን እጃቸውን ያዙላቸው፤ አይደለም ግን አላሏቸውም። አቶ ዋሴ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ትናንት፣ ግንቦት 9 ቀን 1982 ዓ.ም አረፉ።

ይህ ሲጻፍ፣ አቶ ዋሴ በሕይወት ትተዋቸው ካለፉት ሰዎች ዝርዝር ላይ ሲደረስ ክርክር ተነሣ። ዘመዶች፣ በሕይወት መኖሩ ያልታወቀ ሰው እንዴት ይጻፋል አሉ፤ ወይዘሮ መነን የልጄ ስም አይቀርም አሉ። በዚህ መካከል፣ አምስት ዓመት ደጃቸውን ያልረገጡት ወይዘሮ አሰበች ገብተው፣ "ከጻፋችሁ ሁሉንም ጻፉ" አሉ። መርዷቸው የመጣውንስ ቢባሉ፣ "እነሱንም። የእኔን ትልቁንም" አሉ። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ የጠየቃቸው የለም፤ እንዳሉት ተጻፈ።

አቶ ዋሴ ማሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መነንን፣ ልጃቸውን ሀብትነሽን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ልጃቸውን ፈረደን፣ አብረውት የሄዱትን አሥር ልጆችም ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር የእሳቸውን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ እኛ የት እንደወደቁ የማናውቃቸውን እሱ ያውቃቸዋልና፣ ካሉበት ይድረስላቸው። አሜን።