ጋሽ ጀማለዲንና ሹፌር አልባው ባቡር

ባቡሩ ጨለማ ውስጥ ሲቆም ማን ነው የሚያናግረን?

ይህን የጠየቀችው ረምዚያ የምትባል የኦክላንድ ነዋሪ ናት። የባቡር ድርጅቱ አሮጌዎቹን የምድር ውስጥ ባቡሮች አስወጥቶ ሹፌር የማያስፈልጋቸውን አዳዲሶች ሊያስገባ ስለ ወሰነ፣ ጉዳዩን ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንዲያስረዳ የተላከው አናስ ነበር። በከተማው መስጊድ አዳራሽ ቆሞ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ፍሬኑና ስለ በሮቹ ብዙ ተናገረ። እሷ ግን እጇን አውጥታ ያንን ብቻ ጠየቀች። "አጣርቼ እነግርሻለሁ" አላት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከጆሮው አልወጣም።

አናስ ኦክላንድ አድጎ ኮፐንሀገን የተማረ ወጣት ነው። እዚያ ባቡሩ ሹፌር የለውም። በፊተኛው መስኮት በኩል ልጆች ተቀምጠው ዋሻው ወደ እነሱ ሲመጣ ያያሉ። ትምህርቱን ጨርሶ ከተመለሰ ወዲህ ሳንታ ክላራ ቤት ተከራይቶ አዲሶቹን ባቡሮች ከሚሞክሩት ሰዎች ጋር ይሠራል። ልቡ ግን አልረጋም። እዚያ ሳለ እዚያ የጎደለውን ያይ ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ እዚህ የጎደለው ይታየው ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚልፒታስ ጣቢያ ቆሞ ባቡር ሲጠብቅ፣ አንድ ሰው ከኋላው ትከሻውን ነካ አደረገው። ዞር ቢል ጋሽ ጀማለዲን ናቸው። የአባቱ ወዳጅ የደሴ ሰው ሲሆኑ፣ ፀጉራቸው የሸበተው እዚሁ ባቡር ላይ ነው፤ ሹፌር ናቸው። ዛሬ ግን የደንብ ልብሳቸውን ትተው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ጀማል። ኦፍ ኖት እንዴ፣ ዛሬ ሥራ የለም?"

"ወአለይኩሙ ሰላም። ኦፍ ነኝ። ሳንሆዜ ልጄ ዩስራ ጋ ነበርኩ፤ አሁን ኦክላንድ፣ ኦፊስ መሄዴ ነው። እንኳን አገኘሁህ። ከሥራዬ የሚያስወጣኝን ሰው ፊት ለፊት ልየው።"

"ኧረ እኔ አላስወጣሁዎትም።"

"ታዲያ ማን ነው? ማሽኑ? እሱንስ በምን ቋንቋ ልስደበው?"

ባቡሩ መጣና ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሽማግሌው ጉዳይ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ሹፌሮቹን ከሁለት አንዱን ምረጡ ብሏል፤ ወይ ትሬኒንግ ወስዳችሁ በተሳፋሪው መካከል የምትዘዋወሩ አስተናጋጆች ትሆናላችሁ፣ ወይ ጡረታ ትወጣላችሁ። የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው። ጋሽ ጀማለዲንና የልብ ወዳጃቸው ክንፉ ደግሞ አብረው እምቢ ሊሉ ቃል ተገባብተዋል። ክንፉ ጠዋት ሄዶ አልፈልግም ብሎ ወጥቷል። እርሳቸውም ይህንኑ ሊናገሩ ነው የሚሄዱት።

"ፉርጎ ለፉርጎ እየዞርኩ ለሰው መንገድ ማሳያ አልሆንም ነው የሚለው ክንፉ" አሉ። "እውነቱን ነው። ስንነዳ የኖርን ሰዎች ነን።"

"ጋሽ ጀማል፣ እኔ ኮፐንሀገን ስኖር ሁልጊዜ ያለ ሹፌር ነበር የምሄደው። ምንም አልሆንኩም።"

"አንተ ልጅ፣ ያለ ሹፌር መሄድ ለመማር ነው ያን ያህል ባሕር የተሻገርከው? ወሎ መሄድ ይበቃህ ነበር። እኛ ያለ ሹፌር ነው ያደግነው፤ በእግራችን።"

አናስ ሳቀ። ከሳቁ ሲመለስ ግን አንድ በአንድ ያስረዳቸው ጀመር።

"ማሽኑ ድካም አያውቅም። ባቡሮቹ አንዱ ያለበትን ሌላው ስለሚያውቅ ተቀራርበው መሄድ ይችላሉ፤ ተሳፋሪው ፕላትፎርም ላይ ቆሞ አይቀርም። አሮጌዎቹን እኮ ያውቋቸዋል። ዕቃቸው ገበያ ላይ የለም፤ አንዱን የምንጠግነው ሌላውን ፈትተን ነው።"

"አሮጌው ይቆይ ያለህ ማን ነው? ወንበሩ ወገቤን ጨርሶታል። አዲሱን ስጡኝና እኔ ልንዳው ነው የምልህ።"

"ማሽኑ ከእርስዎ የተሻለ ከነዳውስ?"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ደረቅ ወርቃማ ኮረብቶች፣ የመጋዘን ጣሪያዎች፣ የሰው ጓሮዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ እየቀለጡ ያልፋሉ። የሚሮጠው ባቡሩ ሳይሆን አገሩ ይመስል ነበር። ተሳፋሪው ግማሹ አንቀላፍቷል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔና ክንፉ ዋሻ ውስጥ ስንተላለፍ የፊት መብራቱን ዝቅ ያደርግልኛል። እኔም ዝቅ አደርግለታለሁ። ፊቱን አላየውም። ግን እሱ መሆኑን አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ቀኑን ሙሉ ያገኘሁት ሰላምታ ያ ብቻ ይሆናል። ማሽኖቻችሁ ሰላም ይባባላሉ?"

"መረጃ ይለዋወጣሉ። ሰላም ግን አይባባሉም።"

"አየህ።"

አናስ፣ መብራት ዝቅ ማድረግ ባቡር አያፋጥንም ብሎ ሊመልስ ይችል ነበር። ግን አዲስ ነገር ሲመጣ ተጠራርጎ የሚሄደው ሁሉ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ቀላል በሆነ ነበር። ዓይኑን ከደን አደረገ። በዚያ በከፊል እንቅልፍ ውስጥ፣ ሁለት መብራቶች በጥቁር ውኃ ሥር ቀስ ብለው ሲተላለፉ ታዩት።

ዓይኑን ሲገልጥ ባቡሩ ከመሬት በታች ገብቷል፤ ከላያቸው ኦክላንድ ነው። ጥቂት እንደ ሄዱ ባቡሩ እየዘገመ መጣና ቆመ። መብራቱ ፈዘዝ አለ። ከዚያ በፊት ማንም ልብ ያላለው የመንኮራኩሩና የሐዲዱ ጩኸት ጠፍቶ፣ በምትኩ የሰው ትንፋሽ ይሰማ ጀመር። ከጣሪያው የሹፌሩ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ፤ ትንሽ ይታገሡን አለና ጠፋ።

"በቃ? ይኸው ነው?" አለ አናስ።

"ምን ያድርግ? አንድ ጆሮው ኮንትሮል ክፍሉ ጋ ነው፤ ዓይኑ ሲግናሉ መብራት ላይ ነው። እኔም ከዚህ የበለጠ ብዬ አላውቅም።"

ፊት ለፊታቸው አንዲት አሮጊት የገበያ ጋሪዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች። ትንፋሿ እየፈጠነ ሄደ፤ ከንፈሯ ገረጣ። አንድ ሰውዬ ተነስቶ በሩን ይገፋ ጀመር። ሌላው ስልኩን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። ጋሽ ጀማለዲን አንዱን አይተው ወደ ሌላው ዞሩ፤ የራሳቸውን ቤት ጓዳ ገና ዛሬ ያዩ መሰሉ።

"ከሹፌሩ በር ኋላ እንዲህ ነው እንዴ የምትሆኑት?" አሉ በሹክሹክታ።

ተነሡ። መጀመሪያ በሩን ወደሚገፋው ሰው ሄደው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ፤ ሐዲዱ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ እንዳለበትና ከውስጥ መቆየቱ እንደሚሻል በእንግሊዝኛ ነገሩት። ከዚያ አሮጊቷ አጠገብ ተቀመጡ። ይህ የሚሰማው የአየር ማራገቢያው ነው፤ እየሠራ ነው፣ አየር አያጥረንም፤ ፊታችን ያለው ባቡር ጣቢያውን እስኪለቅ ነው የቆምነው አሏት። እኔ ሹፌር ነኝ አሏት። ሴትዮዋ እጅጌያቸውን ያዘች፤ አልለቀቀችም። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሏት በአማርኛ፤ የገባት ይመስል ራሷን ነቀነቀች። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ወደ እርሳቸው ተጠጉ። ያ ፉርጎ ለጥቂት ጊዜ ዘመድ የተሰበሰበበት ቤት መሰለ።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ጀማለዲን ተመልሰው ሲቀመጡ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር።

"ይቺን ሴትዮ ዕድሜዬን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቻት ኖሬያለሁ" አሉ።

"ሥራው ነዋ፤ ሁለቱንም ማድረግ አይቻልም።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ።"

አናስ የረምዚያን ጥያቄ ነገራቸው።

"ምን አልካት?"

"አጣርቼ እነግርሻለሁ።"

"እንግዲህ ተጣርቷል። ጀማለዲን ያናግርሻል በላት።"

አናስ ደስ ሊለው ሲገባ ደነገጠ። "ጋሽ ጀማል፣ አልዋሽዎትም። ዛሬ በየባቡሩ ሰው ይኖራል ይላሉ። ነገ ሰዉን እንቀንስ ሊሉ ይችላሉ። እኔ ዋስ መሆን አልችልም።"

"ዋስ ሁነኝ አልኩህ? ሁላችን አኩርፈን ከወጣን ባቡሩ ዛሬውኑ ባዶ ነው። ነገ ሰው ይቀነስ ሲሉ፣ አይሆንም የሚል ከውስጥ ያስፈልጋል። ኩርፊያ ቤት ተቀምጦ አይከራከርም።"

ኦክላንድ ወረዱ። አናስ ከቢሮው በር ላይ ጠበቃቸው። ሲወጡ ተመዝግበው ነበር፤ ፊታቸው ግን የተመዘገበ ሰው ፊት አልነበረም። ስልካቸውን አውጥተው ለክንፉ ደወሉ። አያነሣም። ያን ጊዜ ግድግዳ ተደግፈው፣ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው ድምፃቸውን ቀዱለት።

"ክንፉ ወንድሜ፣ ጀማል ነኝ። ቃሌን አፍርሼ ተመዝግቤያለሁ፤ ከሰው ሳትሰማ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው። ዛሬ ከኋላ ተቀምጬ ዋሻ ውስጥ ቆምን። እኛ ስንነዳ ሰዉ እንዴት እንደሚሆን አይተን አናውቅም ለካ። መንዳቱን ማሽኑ ይውሰደው። ባቡሩ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ነርሷም ጽዳት ሠራተኛዋም ሥራ አይረፍድባትም። ያንተም ጉልበት፣ የኔም ወገብ ያርፋል። የታመመ ሲኖር ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይኖራል። እሱ እኛ ነን እንጂ ማን ሊሆን ነው? አንተ ከኔ ይልቅ ሰው ታጫውታለህ። የመብራቱ ነገር… እሱ ይቀራል። አልዋሽህም፣ ይቀራል። ግን አንድ ባቡር ላይ ከሆንን ፊትህን አያለሁ። ኦፊስ ያሉትን ሰዎች ለምኛቸዋለሁ፤ እስከ ሰኞ ሐሳብህን ብትለውጥ ይቀበሉሃል። ትሬኒንጉ ክፍል አጠገቤ ወንበር እይዝልሃለሁ።"

ላኩት። ማታ አናስ ሲደውልላቸው፣ ክንፉ መልእክቱን እንደሰማው ስልኩ ያሳያል አሉት፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጀማለዲን ትሬኒንጉ ክፍል ቀድመው ገብተው ኮታቸውን አጠገባቸው ወንበር ላይ አኖሩ። ክፍሉ ሲሞላ አንዲት ወጣት መጥታ፣ ወንበሩ ተይዟል ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ አሏት። አስተማሪው ትምህርቱን ጀመረ፤ እርሳቸው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡት። ከክንፉ መልስ አልመጣም። ከዚያ ወዲህም አልመጣም።