ጋሽ ንጋቱ የሞቱ ዕለት

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ዓሣ ቤት ጥላ ሥር፤ ከሻሸመኔ የመጡ ባልና ሚስት ያዘዙትን ዓሣ እየጠበቁ።

ውብነሽ፦ ማንን ነው የገደልከው?

ተካልኝ፦ ምን ማለት ነው ማንን? ቁጭ በይ እስቲ፣ ሰው ያየናል።

ውብነሽ፦ የእድራችን እትዬ ብርቄ ደውለው "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ጠንከር በይ" አሉኝ። እኔ እግሬን ውሃ ልነክር ጫማዬን እያወለቅኩ፣ እሳቸው ጠንከር በይ ይሉኛል። ማን ሞቶብኝ ነው?

ተካልኝ፦ ብርቄ ደግሞ ከየት ሰማች?

ውብነሽ፦ ተካልኝ።

ተካልኝ፦ ጋሽ ንጋቱ።

ውብነሽ፦ ምን?

ተካልኝ፦ አጎትሽ። አልሞቱም፣ አትደንግጪ። ሞቱ ብዬ ነው። ለእማዬ ብቻ ነው የነገርኳት። ጠዋት አንቺ መኪና ውስጥ ገብተሽ ስትጠብቂኝ በሩ ላይ ያዘችኝና "ወዴት ናችሁ?" አለች። አፌ ላይ የመጣልኝ ለቅሶ ነው።

ውብነሽ፦ ለዚህ ነው በሩን ተደግፈው እንባቸውን ሲጠርጉ የነበረው? እኔ እኮ እጄን አውለብልቤላቸዋለሁ። እየሳቅኩ።

ተካልኝ፦ በድንጋጤ ነው ብላ ይሆናል።

ውብነሽ፦ ያሳደገኝን ሰው ገድለህ ዓሣ ልታበላኝ አመጣኸኝ። ነገሌ ላይ ስናልፍ "ጎራ ብለን ጋሽዬን ሰላም እንበለው" ስልህ ጆሮህን የቧጨርከው ለካ ለዚህ ነው።

ተካልኝ፦ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። እውነቱን ብናገር ኖሮ ሁለታችን ብቻችንን እዚህ የምንቀመጥ ይመስልሻል? የአምናውን ፋሲካ ማግስት ረሳሽው?

ውብነሽ፦ እንዴት እረሳለሁ? አሥራ አንድ ሰው ሆነን ነው የመጣነው። እማማ፣ እህቶችህ፣ የእህቶችህ ልጆች፣ ያቺ ዝምድናዋን እስካሁን ማንም ያልነገረኝ ሴትዮ። እዚያ ዛፍ ሥር ለውሃው ጀርባዬን ሰጥቼ የአሥራ አንድ ሰው የዓሣ እሾህ ስለቅም ዋልኩ። ስንሄድ ነው ዞር ብዬ ሐይቁን ያየሁት።

ተካልኝ፦ እሱን ነው የምልሽ። ላንጋኖ ካልኩ ቤቱ ሁሉ ጫማውን ያደርጋል። ገበያ ካልኩም አንዱ ይከተለናል። ለቅሶ ካልኩ ግን ለምን የሚል የለም።

ውብነሽ፦ ለምን አይልህም፣ ተነስቶ ይከተልሃል እንጂ። የት አገር ነው ያደግከው?

ተካልኝ፦ በእኔ በኩል ያለ ዘመድ ቢሆን ነበር የሚከተለኝ። ስለዚህ በአንቺ በኩል አደረግኩት። እማዬ "እኔ በሠልስቱ እደርሳለሁ" ትላለች ብዬ አሰብኩ።

ውብነሽ፦ በሠልስቱስ ምን ልትላቸው ነበር? ተነሡ?

ተካልኝ፦ እስከዚያ አንድ ነገር አስብ ነበር።

ውብነሽ፦ ደግሞ የሩቅ ሰው አጣህ? ማንም የማያውቀው ሰው ጠፋ?

ተካልኝ፦ የሩቅ ነው ብዬ ነው የጀመርኩት። "ማን?" አለችኝ። ዓይኗን ታውቂው የለ? እንደዚያ አፍጥጣ ስታየኝ ሌላ ስም ሁሉ ጠፋብኝ።

ውብነሽ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እድር ስንገባ፣ መዝገቡ ላይ በአባቴ ቦታ ማንን ነው ያስጻፍነው?

ተካልኝ፦ አባትሽ በሕይወት ስላልነበሩ...

ውብነሽ፦ ማንን?

ተካልኝ፦ ጋሽ ንጋቱን። ውይ።

ውብነሽ፦ አዎ፣ ውይ በል። አሳዳጊ አባት ብለን። አንተው ነህ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ባንጃውን ቤታቸው ድረስ ሄደህ "ዳኛ፣ ለእሷ አባቷ እሳቸው ናቸው" ብለህ የለመንክልኝ። አጎት ቢሆን ሁለት ሽማግሌ ልከው ያበቃ ነበር። ለአባት ግን ድንኳኑ ይጫናል፣ ወንበሩ ይጫናል፣ አባል በሙሉ ይሄዳል። እማማ ለእድሩ ነግረው፣ እትዬ ብርቄ የደወሉልኝ እድሩ ከተከራየው አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ነው። የንፍሮው ድስት ጭናቸው ላይ ነው፣ እየፈጃቸው።

ተካልኝ፦ የት ደርሰዋል?

ውብነሽ፦ ኩየራን አልፈዋል። ነገሌ ሊገቡ ነው።

ተካልኝ፦ እማዬስ?

ውብነሽ፦ ከሾፌሩ ጎን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።

ተካልኝ፦ አለቀልኝ በቃ።

ውብነሽ፦ አንተን ተወው። ጋሽዬ ደም ግፊት አለበት፣ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው "ወይኔ ንጋቱ" እያለ በሩ ላይ ሲወርድ አስበው። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ገበያ ሲወጣ ስልኩን ቤት ኮቱ ኪስ ውስጥ ትቶ ነው የሚሄደው፣ ሌባ ይወስድብኛል ብሎ።

ተካልኝ፦ ገበያ ከሄዱማ ጥሩ ነው። አያገኟቸውም።

ውብነሽ፦ ሲያጡት ጭራሽ ያምናሉ እንጂ ምኑ ነው ጥሩው? ደውል።

ተካልኝ፦ ለማን?

ውብነሽ፦ ለእናትህ። "ማንም አልሞተም፣ ከሚስቴ ጋር ላንጋኖ ነኝ" በላቸው። ሌላ ምንም አትጨምር።

ተካልኝ፦ እሺ። ይኸው ደወልኩ። ሀሎ፣ እማዬ? ... አዎ፣ ደርሰናል። ... ውብነሽማ ምን ትሆናለች፣ ተሰብራለች። ... ስሚኝማ እማዬ፣ እንዳትመጡ ልልሽ ነው የደወልኩት። ማለት፣ ቀብሩ አልቋል። ... በጠዋት። ... ራሳቸው ናቸው በጠዋት ይሁን ብለው የተናዘዙት። ... አይ፣ ሰው ነበር፣ ብዙ ሰው ነበር። ... እማዬ? ሀሎ? ተቋረጠ።

ውብነሽ፦ ቀበርከው።

ተካልኝ፦ ልነግራት ነበር እኮ። ስታለቅስ ሰማኋት። እያለቀሰች "ዓሣ ልበላ ነው" እንዴት ይባላል?

ውብነሽ፦ ምን አሉ?

ተካልኝ፦ "ቀብሩ ካመለጠንማ ቶሎ እንድረስላት፣ ያቺ ልጅ ብቻዋን ናት" አለችና ሾፌሩን ንዳ አለችው።

ውብነሽ፦ ይኸው። እኚህ ሴትዮ ለመናደድ እንኳ አይመቹም። ቆይ፣ መጣልን። እዚህ አስቀምጠው ወንድሜ። የመጨረሻዎቹ ናቸው? እሺ፣ እግዜር ይስጥልን። ሦስት ነው እንዴ? እኛ ሁለት ነው ያዘዝነው። በፎይል የተጠቀለለው የማን ነው?

ተካልኝ፦ እሱን ተዪው። ይዘነው የምንሄደው ነው።

ውብነሽ፦ ለማን?

ተካልኝ፦ ለእማዬ። የላንጋኖ ዓሣ ትወዳለች።

ውብነሽ፦ ከለቅሶ ቤት ዓሣ ጠቅልለህ ልትገባ ነበር።

ተካልኝ፦ እሱን አላሰብኩበትም።

ውብነሽ፦ "እማዬ፣ ውብነሽ አጎቷን ቀብራ ስትመለስ ይቺን ላከችልሽ።"

ተካልኝ፦ አትሳቂብኝ።

ውብነሽ፦ እየሳቅኩ አይደለም። ለጋሽዬ እየደወልኩ ነው፣ አሁንም አያነሳም።

ተካልኝ፦ እስቲ ትንሽ ቅመሺ፣ ትኩስ ነው። ሆድሽ ውስጥ ምግብ ሲገባ ይሻልሻል።

ውብነሽ፦ አልበላም። ቀሚሴ ሥር ምን እንደለበስኩ ታውቃለህ?

ተካልኝ፦ ምን?

ውብነሽ፦ የዋና ልብስ። ሰማያዊ፣ ቁምጣ ያለው። ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆነው። እማማ ቤት ሲያነሱ እንዳያገኙት ፍራሽ ሥር ነው ደብቄው የኖርኩት፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ እንደ ሌባ። ጠዋት "ዛሬ ሁለታችን ብቻ ላንጋኖ" ስትለኝ ልጆቹን ለእህትህ ሰጥቼ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ለበስኩት። የቁምጣው ቁልፍ አልገባ ብሎኝ ነበር፣ ደስታ ነው። ለምን ደስ እንዳለኝ ልንገርህ? ነገራቸው ብዬ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ደፍሮ "ከሚስቴ ጋር ልወጣ ነው" አላቸው ብዬ። ውሃውም አይደለም፣ ዓሣውም አይደለም። እሱ ነው።

ተካልኝ፦ አልገባሽም። እኔን ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። የሰው ሻይ ቤት ብርጭቆ ስታጥብ ትውልና የሚሰጧትን ዳቦ ሳትቀምሰው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣልኝ ነበር። እሷን ቤት ትቼ ልብላ ስል ያቺ ዳቦ ትታየኛለች። ምን ላድርግ?

ውብነሽ፦ ይገባኛል። እኔም አጎቴ አባት ሆኖኝ ነው ያደግኩት። ውደዳቸው፣ ማን አትውደድ አለህ? ልብሳቸውን የማጥብ እኔ፣ ሐኪም ቤት የምወስዳቸው እኔ። ዓመቱን ሙሉ የእሳቸው ነህ፣ ምንም ብዬህ አላውቅም። አንድ ቀን ስጠኝ ስልህ ግን ሰው ሞቶ ካልሆነ አታገኝልኝም። ምን ብሠራ ነው እንደዚህ የምታፍርብኝ?

ተካልኝ፦ ማፈር አይደለም።

ውብነሽ፦ ታዲያ ምንድን ነው? ንገረኝ። እየበላህ ነው እንዴ?

ተካልኝ፦ ሲጨንቀኝ እበላለሁ። ታውቂያለሽ።

ውብነሽ፦ የእኔንም እኮ ነው የጨረስከው።

ተካልኝ፦ አልበላም ስላልሽ ነው።

ውብነሽ፦ ተነስ። ነገሌ እንሂድ፣ ጋሽዬ ሳይወድቅብኝ። ቁልፉን አምጣ። ቆይ፣ እሱ ነው የሚደውለው። ሀሎ፣ ጋሽዬ? ደህና ነህ? ... ቁጭ በል፣ ቁጭ ብለህ አውራኝ። ... አንተም? ... ወይ ጋሽዬ። ... እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። ... አዎ፣ አጠገቤ ነው። ... እሺ፣ ስጣቸው።

ተካልኝ፦ ምን ሆኑ?

ውብነሽ፦ ከገበያ ሲመለስ በሩ ላይ ድንኳን ሲተከል ደረሰ። ጎረቤት የሞተ መስሎት ገብቶ ከወንዶቹ መሃል ተቀመጠና አብሮ አለቀሰ። ንፍሮ ሁሉ አፍሰውለታል። ጋሽ ባንጃው ዞር ብለው "ሟቹን በምን ያውቋቸዋል?" ሲሉት ነው "ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?" ያለው። እማማ በዚህ መሃል ከጓዳ ወጥተው አዩት። አሁን ስልኩን ይዘውታል። እንካ።

ተካልኝ፦ አንቺ ንገሪያት።

ውብነሽ፦ እኔ ማንንም አልገደልኩም። እንካ እያልኩህ ነው። ደግሞ ስማኝ፣ የምሬን ነው፤ አሁንም ሌላ ነገር ፈጥረህ ከነገርካቸው እኔ አብሬህ አልመለስም። ነገሌ ጋሽዬ ቤት ነው የምቀረው። ልጆቼን መጥቼ እወስዳለሁ።

ተካልኝ፦ ሀሎ፣ እማዬ። ... አዎ፣ እኔ ነኝ። ... አላበድኩም። ... ላንጋኖ ነኝ። ... አይ፣ ሥራ አይደለም። ዓሣ ልንበላ ነው። ... ከውብነሽ ጋር። ... ሌላ ማንም የለም። ... ማንም አልጋበዘንም፣ ፈልገን ነው የመጣነው። ... እሷን አትናገሪያት፣ እሷ ምንም አታውቅም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ... ፈርቼ። ... አንቺን ነዋ። ... እንደማትቆጪኝ አውቃለሁ። ትከፊያለሽ ብዬ ነው። ... አዎ፣ ጋሽ ባንጃው ስብሰባ ላይ ያቁሙኝ፣ አባሉ ፊት ይቅርታ እላለሁ። ... ምን? ... ቅርብ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ... አይ እማዬ። ... ሰማሁሽ፣ ግን አይሆንም። ... አይሆንም እማዬ። ... እሺ። ቻው።

ውብነሽ፦ ምኑ ነው የማይሆነው?

ተካልኝ፦ "አውቶቡሱ እስከ ማታ የእኛ ነው፣ ድንኳኑም አለ፣ ንፍሮውም አለ፣ ንጋቱንም ይዘን እንምጣ" አለች። ሴቶቹ ላንጋኖን አይተውት አያውቁም ነው የምትለው።

ውብነሽ፦ አንተ ምን አልካቸው?

ተካልኝ፦ ሰምተሽኛል።

ውብነሽ፦ አንተ ንገረኝ።

ተካልኝ፦ ዛሬ ከሚስቴ ጋር ነኝ፣ አትምጡ አልኳት። አንቺን ሌላ ቀን ራሴ አመጣሻለሁ አልኳት።

ውብነሽ፦ አለቀሱ?

ተካልኝ፦ አላለቀሰችም። "እንግዲያው ዓሣዬን እንዳትረሳ" አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ውብነሽ፦ የቱን ዓሣ?

ተካልኝ፦ ይሄንን የተጠቀለለውን።

ውብነሽ፦ እርቦኛል፣ ተካ። የእኔን በልተኸዋል። ልጁም የመጨረሻዎቹ ናቸው ብሏል።

ተካልኝ፦ አውቃለሁ። ይኸው ፈታሁት። ቀሚስሽን ወዲህ ስጪኝና ውሃሽ ውስጥ ግቢ፤ እስክትወጪ እሾሁን እለቅምልሻለሁ።